የአብሾ ማርከሻ

ሰሞኑን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ባለችው ትንሿ ምግብ ቤቴ ቆሜ ዓሣ ስጠብስ ሆዴ ተገላበጠ። ዓሣው አልሸተተም፤ ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ነው። ዘይቱም ያደረ አይደለም። ያጥወለወለኝ የገዛ ልጄ ሳቅ ነው።

ረድኤት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጓደኞቿን አስከትላ ወደ እኔ ትመጣለች። የጥጉን ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ ሽሮ በአንድ ድስት ይቀርብላቸዋል፣ ስልካቸውን እየተቀባበሉ ይንጫጫሉ። እኔም ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ ሥር ናቸው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ልጅ ከዓይን ስትርቅ እናት ሆድ ውስጥ ምን እንደሚላወስ የወለደ ያውቀዋል።

የዚያን ዕለት ቸኩዬ ዓሣውን ሳላደርቀው መጥበሻው ላይ ጣልሁት። ዘይቱ ተንጣጣና ክንዴን ለበለበኝ። «ኡ! እመቤቴን!» ብዬ ወደ ኋላ ዘለልሁ።

«ውይ፣ እትዬ ዝናሽ!» አለች ቤቲ፤ ከልጆቹ ሁሉ አፏ የሚፈጥነው እሷ ናት። «ግን ዘይት ለምንድን ነው እንዲህ የሚንጣጣው? ሰው ሊበላ እኮ ነው!»

«ረድኤትን ጠይቂያታ» አለች ሌላዋ። «ቀለሜዋ ተቀምጣልሽ!»

ቀለሜ በእነሱ ቋንቋ ስድብ ነው። ትምህርት የሚወድ፣ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ ልጅ ቀለሜ ነው፤ ፋራ ነው፤ ሙድ ይያዝበታል። እኛ አገር «ቀለም የገባው ሰው» ከተባለ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታ ይለቅለት ነበር። ይኸው ቃሉን ገልብጠው መሳቂያ አደረጉት።

ነገሩን ልጄ አሳምራ ታውቀዋለች። በዋዜማው እዚያው ምድጃዬ አጠገብ ቆማ አስረድታኛለች። ውኃው ከብዶ ከዘይቱ ሥር ይገባል፣ ዘይቱ በጣም የጋለ ስለሆነ ውኃው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱም መውጫ ሲፈልግ ዘይቱን ይዞት ይነሣል አለችኝ። «ስለዚህ እማ፣ ዓሣውን በጨርቅ አድርቂው» ብላ ጨርቁን ራሷ አቀበለችኝ። ስታስረዳ እጆቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዓይኖቿ ይበራሉ። ቆንጆ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ግን ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «ኧረ እኔ ምናውቄ!» አለች። «ዓሣው ተናዶ ይሆናላ!»

ከዚያ ሳቀች። የእሷን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ከሆዷ ነው የሚነሣው፣ ትከሻዋን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ይሄኛው ቀጭን ነው፤ ከጥርስ ወዲያ አያልፍም። ከማን እንደተዋሰችው እንጃ። ቤቲ መዳፏን አንሥታ መዳፏን መታ አደረገችላትና፣

«እሰይ! ቀለሜነቱ ለቀቀሽ!» አለቻት።

ለቀቀሽ። ይህችን ቃል ስሰማ ነው ማቅለሽለሹ ጉሮሮዬ ድረስ የመጣው። መጥበሻውን አውርጄ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ግድግዳ ተደግፌ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። አፌ ውስጥ የአምባዛ ዓሣ ሐሞት መረረኝ። ያንን ሐሞት ከቀመስሁ ስንት ዘመኑ! ምላስ ግን አይረሳም።

ያደግሁት ከጣና በስተ ሰሜን፣ ጎርጎራ አጠገብ ነው። መንደራችን በቤተ ክርስቲያኑና በሐይቁ መካከል የተወሸቀ ነበር። ክረምት ሲወጣ ውኃው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የለቀቀው ጭቃ ላይ ገበሬው ሽምብራ ይዘራበታል። ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በመስከረም ጉልበት ድረስ ያሰምጣል፣ በኅዳር ግን ይደርቅና የከብቱም የሰውም ዱካ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ይቀራል። የእኔም ጆሮ እንደዚያ ጭቃ ነበር፤ የረገጠበት ሁሉ ዱካው ይቀራል።

አባቴ መርጌታ ነበሩ። ግቢያችን ከቅኔ ተማሪዎቻቸው ጎጆዎች በአንድ አጥር ይዋሰናል። እኔ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት እውላለሁ፣ ግማሹን ቀን ውኃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እለቅማለሁ። ማድጋዬን አዝዬ በአጥሩ ሥር ባለፍሁ ቁጥር ዜማውም ቃሉም ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። የዶሮ ጩኸት እንደሚሰማ ነው የሰማሁት።

አሁን ስለ አብሾ ልንገራችሁ፤ የከተማ ልጆች ስሙን እንጂ ነገሩን አታውቁትም። ተማሪ አእምሮው እንዲከፈትለት የሚጠጣው መድኃኒት ነው ይባላል። የጠጣው ሰው የሰማው አይጠፋውም፤ ነገር ግን መጠጥ ሲቀምስ ይነሣበታል፣ ዱላ ይመዛል ይሉታል። አባቴን አገሩ ሁሉ «አብሾ አለባቸው» ይል ነበር። እሳቸውም «የለብኝም» ብለው አያውቁም። ድግስ ላይ ጠላ ሲቀዳላቸው መዳፋቸውን ዋንጫው ላይ ከድነው፣ «ይበቃል፤ ኋላ እንዳይነሣብኝ» ይሉና ፈገግ ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ደግሞም ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ያ ሰው ፈቀቅ የሚልላቸው ነገር ለአባቴ ከካባ የበለጠ ጌጥ ነበር።

አሥራ ሦስት ወይ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኛ ግቢ ዳስ ተጥሎ የሩቅ ደብር ካህናት ሁሉ ተቀምጠዋል። ዳቦው ተቆርሶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ የዳሱ ቅጠል ሽታ ከበርበሬው ጋር ተደባልቆ። አባቴ ለበዓሉ ቅኔ አዘጋጅተው ነበር። የሚያቀርበው ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ድምፁ የሚያምረው ጎረምሳ ነው። ተነሥቶ ጀመረ፤ አሳመረው። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ካህናቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁት። የአባቴ ጣቶች መቋሚያው ላይ ነጡ።

እኔ የጠላ ማሰሮ ይዤ ዳሱ በር ላይ ነበርሁ። ቅኔውን በዋዜማው አባቴ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩት ሰምቼዋለሁ። ግዕዙ ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ድምፁ ግን አለ። የጎደለችውን ቃል ጣል አደረግሁለት። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። ዝምታው አላስችል ብሎኝ እስከ መጨረሻው ወረድሁበት፤ ማሰሮውን እንዳቀፍሁ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ሳቅ እያሉ፣ «መርጌታ፣ ይቺኛዋስ የማን ተማሪ ናት?» አሉ።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ለቅጽበት ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም አይወስድብኝም።

ጎረቤታችን ደብሬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። ያን ጊዜ እትዬ ደብሬ እላት ነበር፤ ዛሬ እትዬነቱን ምላሴ አይሸከመውም። «አይ! አይ!» አለች፣ እጇን እያማታች። «ይሄ የልጅ ነገር አይደለም። የሴት ልጅ ነገርማ ጭራሽ አይደለም። አብሾ ነው! ያባቷን አብሾ ጠጥታ ነው!»

«ኧረ ዝም በይ፣ በበዓል!» አላት አንዱ።

«ምን ዝም እላለሁ? ነገ ሠርጓ ላይ ጠላ ቀምሳ ሙሽራውን በዘነዘና ስትለው ያን ጊዜ ልናገር?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። የያዘችው እንጀራ በእጇ እንዳለ ፊቷ አመድ መሰለ። እናቴ ፈሪ ነበረች፤ የሰው አፍ ትፈራለች። ሴት ልጅ አንድ ጊዜ ስም ከወጣላት በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ እንደማይመጣ ታውቃለች።

በማግሥቱ ጠዋት ደብሬን ይዛ መጥታ አባቴ የተቀመጡበት መደብ ፊት ቆመች።

«መርጌታ፣ በሚካኤል ይንገሩኝ። ቤት ውስጥ አብሾ አለ፣ የለም?»

እኔ በር ላይ ነኝ። የአባቴን አፍ አየሁ። «የለም» ቢሉ አበቃ። አንዲት ቃል ናት። እኛ ቤት ምን አብሾ አለ! አባቴ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው እየፈዘዘ፣ በረሃብ፣ በሰው አገር በውሻ እየተነከሱ ለምነው እየበሉ ነው። ይህንን ግን መናገር ማለት እንደማንም ሰው ላባቸውን አንጠፍጥፈው የተማሩ ናቸው ማለት ነው። ሰው ፈቀቅ አይልላቸውም።

ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ቆጥ ላይ የተሰቀለች ቅል ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ደርሳባት ይሆናል።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ቅሏ?» አልሁ። «አባዬ፣ ቅሏ ውስጥ ያለው እኮ የዱባ ፍሬ ነው!»

«ሰማሽ?» አለች ደብሬ ወደ እናቴ ዞራ። «ቆጥ ላይ ወጥታ አይታዋለች!»

እናቴ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። አባቴን አየኋቸው። ወለሉን ያያሉ። ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም።

አብሾውን ያስለቅቃል የተባለውን ማርከሻ ያዘጋጀችው ደብሬ ናት። የግራዋ ቅጠል ወቅጣ ጭማቂውን አጠለለች፤ የአምባዛ ሐሞት አፈሰሰችበት፤ የቆየ ቅቤ አቅልጣ ጨመረች። የሐይቅ ዳር ሰው የአምባዛን ሐሞት ያውቀዋል፤ ዓሣ ሲያርድ እንዳይፈነዳበት ይጠነቀቃል፣ ድመት እንኳ አሽትታ ትሸሸዋለች። ጓሮ ወስደው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ አንዳንዶቹ የሚፈትሉትን ጥጥ ይዘው ነው የመጡት። እናቴ ከኋላ ያዘችኝ፣ ደብሬ አፍንጫዬን ቆነጠጠችና ዋንጫውን አፌ ላይ ደፋችው።

አረንጓዴና ወፍራም ነበር። ቅቤው ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። መራራነቱ ጆሮዬ ድረስ ገባ። ወዲያው ተመለሰ፤ በአፍንጫዬም በአፌም፤ ቀሚሴ ላይ፣ እግሬ ላይ። ደብሬ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እንጨት አንሥታ ትውከቴን አጎንብሳ ማገላበጥ ጀመረች።

«እዩት! ይኸው ጥቁሩ! አብሾው ይኸው!»

ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ጠዋት ከቆሎ ጋር የቃምሁት ኑግ ነው። ኑጉን የሰጠችኝ ራሷ እናቴ ናት። እሷም አጎንብሳ አየችና አማተበች። ከዚያ ሁሉ ነገር ዛሬም የሚዘገንነኝ ይኸ ነው፤ ትውከት አይደለም የሚያስጠላው፣ ከሰው ትውከት ውስጥ ዕውቀቱን በእንጨት የሚፈልግ ሰው ነው።

«እስኪ የትናንቱን በይው» አለች ደብሬ።

ልጅ ነኝና የሚፈትኑኝ መሰለኝ። ሳልሳሳት ብለው ይተዉኛል አልሁ። አፌን በክንዴ ጠርጌ ቅኔውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረድሁት። አንዲት ቃል አላጎደልሁም።

«አልወጣላትም» አለች፤ ዋንጫውንም ሞላችው።

እንደገና። እንደገናም «በይው» አሉኝ፤ እያነቀኝም ቢሆን አልሁት። እልከኛ ነበርሁ። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ፤ እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ «ልጄን፣ ልጄን» ትላለች፣ የያዘችኝን እጇን ግን አላላላችም።

ያን ጊዜ አባቴ መጡ። ጭራቸውን ይዘው ዝንቡን እያባረሩ በሴቶቹ መሐል አለፉ፤ ሰው ፈቀቅ አለላቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አላውቅም በያቸውና ተገላገይ» አሉኝ።

ያንን ሁሉ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን አንድ ቀን አስቀምጠው ፊደል አስቆጥረውኝ አያውቁም። አባቴ ጎንበስ ብለው፣ ለእኔ ብለው ያስተማሩኝ ቃል ይህችው ናት።

ደብሬ «በይው» አለች።

«አላውቅም» አልሁ።

እልል! ጓሮው ተናጋ። «ለቀቃት! ለቀቃት!» እየተባባሉ ተቃቀፉ። እናቴ እዚያው የተበላሸው ቀሚሴ ላይ ተደፍታ በደስታ አለቀሰች። እንደ አራስ ገንፎ ተገነፋልኝ፤ መሐሉ ቅቤ ተደርጎበት። አባቴም ከገንፎው ቆረስ አድርገው ቀመሱ፤ «መልካም ነው» አሉ። ስለ ገንፎው ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም።

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህራችን እንደ ልማዱ ከባድ ጥያቄ ጠይቆ ወደ እኔ ዞረ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የሐሞቱ ምሬት ቀድሞት መጣና «አላውቅም» አልሁ። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ። የገና ጾም ሳይፈታ ቤት ቀረሁ። የሚያሳዝነው ማንም «ምን ጎደለባት?» አለማለቱ ነው፤ ሁሉም «አደብ ገዛች» ነው ያሉት። ባል ሲመጣም በጀልባ ተሻግሬ ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት በአደቤ ተመስግኜ ነው። ደብሬ ሠርጌ ላይ ከሁሉ በላይ ጨፈረች።

ያን ቀን ጓደኞቿ ሲሄዱ ለረድኤት ይህንን ነገርኋት። ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበርና ነገሩ ሲወጣ እንደዚያው እንደ ማስታወክ ሆነብኝ። ከመሐል ላይ ጨርቁን ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

«አያቴ? አያቴ መርጌታ?» አለች። ግድግዳችን ላይ ጥምጥማቸውን አድርገው የተነሡት ፎቶ አለ፤ ጠዋት ጠዋት የምትሳለመው እሳቸውን ነው። «እና ይቅር አልሻቸው?»

«ሲታመሙ አስታምሜአለሁ። ሲሞቱ አልቅሻለሁ፤ ተዝካራቸውንም አውጥቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም፣ እማ።»

 ድስቱን አንሥቼ መፈግፈግ ጀመርሁ። የሞተ አይወቀስም ይላሉ፤ እኔም አልወቅስም። ግን ሲታወሰኝ ያስጠላኛል። ደብሬ አላዋቂ ናት፣ እናቴ ፈሪ ናት፤ እሳቸው ግን እያወቁ ነው።

ረድኤት ወደ እኔ ሳታይ፣ «አንቺን እኮ አፍንጫሽን ይዘው ነው» አለች። «እኔን ማን ያዘኝ? ኩባያውን ያነሣሁት ራሴ ነኝ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህንን ያሰብሁት አልነበረም፤ እኔ የነገርኋት ሌላ፣ እሷ ያገኘችው ሌላ። ላቅፋት አስቤ እጄ ሽንኩርትና ዓሣ ስለሸተተ ተውሁት። እሷ ግን ተነሥታ ራሷ መጥታ አቀፈችኝ።

እናንተ ልጆች፣ የሌላ ቤት ልጆችም ብትሆኑ ስሙኝ። «ኧረ እኔ ምናውቄ» ስትሉ የሚያጨበጭብላችሁን ሰው አንድ ጊዜ ደህና አድርጋችሁ እዩት። በሽታ የለቀቃችሁ ይመስል እልል የሚልላችሁ ሰው ወዳጅ አይደለም። ደግሞም አትሳሳቱ፤ ያጨበጨበው ዛሬ ነው፣ ነገ ሌላ ጨዋታ አለው፤ እናንተ ግን ከዚያች ሰባራ ቃል ጋር ትኖራላችሁ። እኔ ኖሬአለሁ። ሰው ፊት አንድ ነገር ልናገር ስል ዛሬም አፌ ይመርረኛል።

ዋሽቼ ደፋር ነኝ አልልም። ረድኤት በማግሥቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት። የምታውቅ ሴት ልጅ ዓይን ውስጥ ትገባለች። የሚስቅባት አለ፣ የሚመቀኛት አለ፣ ከዚያም የከፋ አለ። «ዝም ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ ኑሪልኝ» የሚል ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። እናቴም የፈራችው ስለምትወደኝ ነው፤ ይህን አሁን ወልጄ አውቄዋለሁ። ነገር ግን ፍርሃቷን እኔን አጠጣችኝ። እኔ የራሴን ራሴው እጠጣዋለሁ።